የማን ሥጋ ይበላሉ?

ሰኞ

የማን ሥጋ ነው የሚበሉት? ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ማዘጋጃ ቤት ተሰብስበን የተጨቃጨቅነው በዚህ ነው። ቻይኖች ሊመጡ ነው። ንጉሡ አገራቸውን ጎብኝተው ከተመለሱ ወዲህ በሬዲዮ ወዳጅነት፣ ወዳጅነት ሲባል እንሰማ ነበር። አሁን ወዳጅነቱ ራሱ መቱ ድረስ ሊመጣ ነው። በዳሪሙ መንገድ ያለውን ረግረግ አይተው ሩዝ ያበቅል እንደሆነ ይመረምራሉ አሉ። ይመርምሩ። ግን ምን እናብላቸው?

የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ አቶ ግርማ፣ "ክርስቲያን ናቸው እስላም?" ብሎ ጠየቀ። እርስ በርስ ተያየን። ክርስቲያን ከሆኑ እኔ ቤት ይበላሉ። እስላም ከሆኑ ጎረቤቴ ከድጃ ቤት። ሁለታችንም ምግብ ቤት አለን፤ እኔ በስመ አብ ተብሎ የታረደ አቀርባለሁ፣ እሷ ቢስሚላህ ተብሎ የታረደ። በመካከላችን አጥር አለ። አጥሩ ላይ ደግሞ እኔና እሷ ስንመላለስ የከፈትነው ሽንቁር አለ። እህት ብትኖረኝ ከከድጃ አብልጬ አልወዳትም ነበር።

ታዲያ ምን ነካኝ? "ክርስቲያን ናቸው" አልኩ። አፌ ቀደመኝ።

አቶ ግርማ፣ "በምን አወቁ እትዬ አስካለ?" አለኝ።

"ጋዜጣ ላይ ፎቶግራፋቸውን አይቻለሁ" አልኩት። ፎቶግራፍ ላይ ሃይማኖት ይታያል እንዴ? እንግዶቹን ለቤቴ ፈልጌ ነው። ቻይኖችን ያስተናገደች ተብዬ እስከ ጎሬ እንዲወራልኝ ነው። አቶ ግርማም አመነኝና ጉዳዩ ተዘጋ። ከድጃ እዚያው አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። ሻሿን አስተካክላ ተነሥታ ወጣች። ከስብሰባ ለብቻዬ ወደ ቤት ስመለስ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ማክሰኞ

ሽንቁሩ በእሾህ ተዘግቷል።

ጠዋት ድስት ልዋስ ብዬ ስሄድ ነው ያየሁት። አዲስ የተቆረጠ የቀጋ እሾህ ነው። ባሏ መሐመድ ይሆናል የቆረጠው፤ ያስቆረጠችው ግን እሷ ናት። ቆሜ አየሁት። ከዚያ ምንም እንዳላየ ሰው ተመለስኩ።

የዛሬ ሥራዬ፦ እንግዶቹ የሚያድሩባቸውን አልጋዎች አንጥፌያለሁ። ሙክት ገዝቻለሁ። ነገ ረቡዕ ስለሆነ ሐሙስ ይታረዳል። አዲስ ሳሙና አውጥቻለሁ። ቤቱ ታጥቧል። ከድጃን ይቅርታ መጠየቅ፦ አልጠየቅኩም። ለምን እጠይቃለሁ? ምናልባት እኮ እውነትም ክርስቲያን ይሆናሉ።

ረቡዕ

መጡ። አራት ናቸው፤ ከበደሌ አቧራ ጋር ገቡ። ሁሉም አንድ ዓይነት ኮት ለብሰዋል። አለቃው ማን እንደሆነ ከልብሳቸው መለየት ስላልቻለ አቶ ግርማ ሦስቱንም አልፎ ለሾፌራቸው አጎነበሰ።

አስተርጓሚያቸው ሊን የሚባል ወጣት ነው። አማርኛ የተማረው እዚያው አገሩ ነው አሉ። "እጅግ የተከበሩ ወይዘሮ፣ ስለ መልካም አቀባበልዎ ምስጋናችንን እናቀርባለን" ሲለኝ ዞር ብዬ ከኋላዬ ማን እንዳለ አየሁ። እቃ የምታጥበዋን ልጅ እንኳ "እርስዎ" ይላታል። ሊቀበላቸው የመጣውን አንድ ገበሬ ሊያነጋግር ሲሞክር ግን ችግር መጣ። ገበሬው በኦሮምኛ መለሰለት። ሊን ክው አለ። ይህን አልነገሩትም መሰለኝ።

እራት ላይ ሽሮ እያቀረብኩ ቀስ ብዬ ጠየቅኩት።

"ሃይማኖታችሁ ምንድን ነው?"

"የለንም፣ ወይዘሮ።"

"እሺ። ሥጋ ግን ትበላላችሁ?"

"እንበላለን።"

"ማን ያረደውን?"

ግራ ገብቶት አየኝ። "የታረደውን" አለ።

እኔም ግራ ገባኝ። ሃይማኖት የሌለው ሰው ሥጋ ሲበላ በየት በኩል ይቀመጣል? ከድጃ ብትኖር ይህን ስነግራት በሳቅ ትፈርስ ነበር። ለማን ልንገር?

ሐሙስ

ግብዣው አማረ። አቶ ግርማ ስለ ሁለቱ ሕዝቦች ረጅም ንግግር አደረገ። ቻይኖቹ ጥብሱንም ወጡንም በሉ። አለቃቸው ሚስተር ቼን ሚጥሚጣው እንባ አስወጥቶት እየሳቀ እንደገና ጨመረ። ኩራት ተሰማኝ። ግን ከአጥሩ ወዲያ ጸጥታ ነበር። የከድጃ ምግብ ቤት ከማምሻው ጀምሮ ተዘግቷል።

ከዚያ ሚስተር ቼን ተነሣና ተናገረ፤ ሊን ተረጎመ። "አብልታችሁናል። ቅዳሜ ተራው የእኛ ነው። ምግብ አብሳያችን በአገራችን ሙያ ይሠራል። የከተማው ሽማግሌዎች፣ ቄሱም፣ ሼሁም፣ ሁላችሁም በአንድ ገበታ ከእኛ ጋር ትበላላችሁ።" አጨበጨብን። እኔ እጄ እስኪቃጠል አጨበጨብኩ።

ጓሮ ስወጣ አብሳዩ ከገበያ የገዛቸው ዶሮዎች እግራቸው ታስሮ አየሁ። በእጁ አንገቱን እያሳየ፣ ቅዳሜ ጠዋት ራሱ እንደሚያርዳቸው በምልክት ነገረኝ። ፈገግ አለልኝ። እሱ ያረደውን ማን ሊበላ ነው?

ዓርብ

አቶ ግርማ በጠዋት መጥቶ ጓሮዬ ውስጥ ተንጎራደደ። ሌሊቱን አልተኛም። "ከበላን ንስሐ አባቴ ምን ይሉኛል? ካልበላን እንግዶቹን ናቁ ይባላል። ሩዙ ወደ ሌላ አውራጃ ይሄዳል። እትዬ አስካለ፣ ክርስቲያን ናቸው ያሉት እርስዎ ነዎት! እርስዎ ይጨርሱት!"

አሰብኩ። የእኔ ሰው ቢያርድ ሼሁና የከድጃ ወገኖች አይበሉም። መሐመድ ቢያርድ እኛ አንበላም። ሁለቱም ቢያርዱ ሁለት ገበታ ይሆናል፤ ሚስተር ቼን የጠራን ግን ለአንድ ገበታ ነው። ወዲህ ባደርገው ወዲያ ይጎድላል።

ከሁሉ ይልቅ የከበደኝ ግን ዶሮው አልነበረም። ቻይናው ቢከፋው አገሩ ይገባል። ከድጃ ከተቀየመችኝ እኔ የት እገባለሁ? ልጄን ከኩፍኝ ያዳነችልኝ እሷ ናት። ባለቤቴ የሞተ ጊዜ ቤቴ መሬት ላይ ከእኔ ጋር የተኛች እሷ ናት። እኔ ደግሞ ለአራት እንግዳ ብዬ ሸጥኳት።

ነጠላዬን ጣል አድርጌ በዋናው መንገድ ዞሬ ሄድኩ። እንደ እንግዳ በፊት በር አንኳኳሁ። በሩን ከፍታ ቆመች።

"እንግዶችሽ ደህና ናቸው?" አለች።

"ከድጃ፣ ዋሽቻለሁ። ምን እንደሚበሉ አላውቅም ነበር።"

"እኔም አላውቅም ነበር። ግን ዝም አልኩ።"

እዚያው ደጃፏ ላይ አለቀስኩ። ይህን ጊዜ፣ "ኮቱ፣ ታኢ" አለችኝ። ስትቆጣ በአማርኛ፣ ስትራራ በኦሮምኛ ነው የምትናገረው። ገብቼ ተቀመጥኩ። የዶሮውን ነገር ነገርኳት። መጀመሪያ አፏን ይዛ፣ ከዚያ ለቅቃው ሳቀች። "አቶ ግርማ ሲንጎራደድ ባየሁት!" አለች።

ከዚያ ዓይኗን በሻሿ ጠርጋ፣ "ሶር ወንዝ ምን ሆነ?" አለች።

"ምን ይሁን?"

"ዓሣ ማን ያርደዋል?"

አየኋት። ዓሣ ማንም አያርደውም! በስመ አብም ቢስሚላህም አይባልበትም። እንግዶቹም ያው ከወንዝ ያወጡታል። ብድግ ብዬ ላቅፋት ስል፣ "ድስቱ ግን ከእኔ ቤት ነው፤ የእነሱ ድስት ምን እንዳበሰለ አላህ ነው የሚያውቀው" አለች። እውነቷን ነው፤ እኔም አሳማ አብስለውበት ይሆናል ብዬ ፈርቼ ነበር።

ስወጣ ሽንቁሩን አየሁት። እሾሁ እንዳለ ነው። እሷም ስለ እሱ ምንም አላለችም። ታርቀናል ወይስ አልታረቅንም? አልገባኝም።

ቅዳሜ

ሊንን ገና በማለዳ ይዤ እውነቱን ነገርኩት። እኛ ሥጋ በሃይማኖት ነው የምንበላው፤ አብሳያችሁ ቢያርድ ሁላችንም ጾማችንን እንውላለን አልኩት። እየደጋገመ ጠየቀኝ። "ዶሮው አንድ፣ ቢላው አንድ፣ ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው?" ይላል። ምን ልበለው? "በቃል ነው" አልኩት። ሄዶ ለሚስተር ቼን ነገረው። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ሚስተር ቼን ጉልበቱን እየመታ ሳቀ። አብሳዩ የወንዝ ዳር ልጅ ነውና ዓሣ ሲባል ከሁሉ በፊት ተነሥቶ ሱሪውን ጠቀለለ።

መሐመድ መንገድ መርቶ ወደ ሶር ወሰደው። አንዱ በቻይንኛ፣ አንዱ በኦሮምኛ እያወሩ ሄዱ፤ እንዴት እንደተግባቡ እነሱ ያውቃሉ። እስከ ወገባቸው ረጥበው፣ ጭነት ይዘው ተመለሱ።

ከድጃ ድስቷን ተሸክማ በዋናው መንገድ ዞራ መጣች። አብሳዩ በዘይትና በዝንጅብል ሠራው፤ ሩዝ አብሮ ቀረበ። ቄሱ ባርከው፣ ሼሁም ዱዓ አድርገው፣ አንድ ገበታ ቀረብን። አቶ ግርማ ዓሣ በሕይወቱ በልቶ አያውቅም፤ እሾህ ጉሮሮው ላይ ቆመበትና ንግግሩ ሳይደረግ ቀረ። እግዜር ይስጠው ለእሾሁ።

ጎን ለጎን ነበር የተቀመጥነው፣ እኔና ከድጃ። ከሩዙ ጎርሳ፣ "ጤፍ ላይ ባይደርስም ይበላል" አለችኝ። እንደ ድሮው ነበር ያለችኝ። ወይም መሰለኝ።

ሊንን፣ ሩዙ በረግረጉ ጨፌያችን ላይ ይበቅላል ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ውሃው ይቀዘቅዛል፤ ገበሬዎቹም ጨፌው ከታረሰ ለቤት ክዳን ሣር ከየት እናመጣለን ብለዋል፤ አይተን እናስታውቃለን አለ። በአማርኛ እናስታውቃለን ማለት ምን ማለት እንደሆነ ካወቀ እውነትም አስተርጓሚ ሆኗል።

እሑድ

ሄዱ። ይመለሱ አይመለሱ እንጃ። ሚስተር ቼን ሁለት እጄን በሁለት እጁ ይዞ ብዙ ነገር ተናገረ፤ ሊን "ወዳጅነታችን ይለምልም" ብሎ አሳጠረው። ያን ሁሉ ወሬ በሁለት ቃል? አሁንም ያልገባኝ ብዙ ነው።

ዶሮዎቹን ለእኔ ትተውልኝ ሄዱ። እግራቸውን ፈትቼ ለቀቅኳቸው። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ ስቆጥራቸው ቀይዋ የለችም። ጓሮውን ዞርኩ፣ ከማገዶው ክምር ሥር ፈለግኩ፣ አጥሩ ጋ ደረስኩ።

እሾሁ ተነሥቷል። ሽንቁሩ ክፍት ነው።

ገና ቆሜ ሳለሁ ከወዲያ ድምፅዋ መጣ።

"አስካለ! ዶሮሽ እኔ ቤት እንቁላል ጥላለች። ነይና እይው፤ ክርስቲያን ነው እስላም?"

በሽንቁሩ ስሾልክ ነጠላዬ ተያዘና ተቀደደ። ነገ እሰፋዋለሁ።