ፊቶች የሚያድሩበት ሣጥን

ነሐሴ 5፣ ከቀትር በኋላ

ጧቱን ሙሉ ጉርድ ፎቶ። አረብ አገር የሚሄዱ ልጆች ከመስቃን ገጠር በአንድ ሚኒባስ መጥተው፣ አንዲት ጥቁር ሻሽ እየተዋዋሱ ተነሡ። ዝናብ። መብራት ሄደ፣ መጣ፣ ደግሞ ሄደ። መጨረሻ ሲመለስ አምፖሉ ቦግ አለና ቪዲዮ የሚያቀናብርልን ሙራድ ከውስጥ ጮኸ። ትልቁ ዲስክ ጠቅ ጠቅ ይላል። አይከፈትም።

ማስታወሻዬ፣ የዘንድሮ ሠርግ በሙሉ እዚያ ውስጥ ነው።

አባዬ ወንበሩ ላይ ሆኖ ሰማ። ፎ/ቤቱን የከፈተው እሱ ነው፤ በእሱ ጊዜ ፎቶ የሚጠፋው እሳት ሲበላው ወይም ዝናብ ሲመታው ነበር። ልጅ ሆኜ ጨለማ ክፍሉ ውስጥ ከእግሩ ሥር እቆም ነበር። ቀይ መብራት። የሚቆጠቁጥ የኬሚካል ሽታ። ነጩ ወረቀት ሳህኑ ውስጥ ሲዋኝ፣ መጀመሪያ ፀጉር፣ ቀጥሎ ዓይን፣ ከዚያ ሰው። ቢስሚላሂ የምለው ዓይኑ ሲመጣ ነበር።

ነሐሴ 9

ቀበሌ የአንድ ለአምስት ስብሰባ ጠርቶ ነበር፤ ቀረሁ። ባልቀር ይሻለኝ ነበር።

እትዬ ብርቄ ከቡኢ መጡ። በጥር ልጃቸውን ሲድሩ የቀረጽነው እኛ ነን። ባላቸው ጋሽ ወልዴ በክረምቱ መግቢያ አረፉ፤ አርባቸው ደርሷል። ፎቷቸውን አሳድጊልኝ አሉኝ፣ ያንን ሙሽራይቱን ይዘው የሚስቁበትን። አልበሙን መኸር ሲገባ እናሠራለን ብለው አቆይተውት ነበር። የትኛውን እንደሚሉ ዓይኔ ላይ አለ። ያነሣሁት እኔ።

ከዲስኩ ጋር መጥፋቱን ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። «ሰውዬው ካሜራ ሲያይ ይሸሽ ነበር። ለልጁ ብሎ ነው ያን ቀን የቆመው» አሉ።

ወደ መናኸሪያው ሸኘኋቸው። ጭቃው ውስጥ እጄን ይዘው ሄዱ፤ ሐዘንተኛዋ እኔ የሆንኩ ይመስል።

ነሐሴ 15

ለጥገና የላክነው ዲስክ ከአ/አ ተመለሰ። አይነሣም አሉ። ሙራድ ተሳደበ፣ እኔ አለቀስኩ፣ ከዚያ ደንበኛ መጣና ሁለታችንም ፈገግ አልን።

የአክስቴ ልጅ ነስሩ ከጉብሬ ደረሰ። እዚያ ኮምፒውተር ያስተምራል። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ። ጠረጴዛዬ ላይ የተበታተኑትን ዲስኮች አየ፤ ግማሹ ምልክት የለውም፣ አንዱ ሙራድ ቤት ነው ያለው። የሚያስፈልጋችሁ ናስ ነው አለ።

አባዬ ቀና አለ። «ናስ? የሰንደል ማጨሻ የሚሠራበት?»

ስንት ቀን ሆኖን ነበር ሳንስቅ!

ነስሩ አስረዳ፤ ስሙ የእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃል ነው። ብዙ ዲስክ የሚይዝ ሣጥን ነው፤ የራሱ አእምሮ ያለው። በገመድ ከቤቱ ኮምፒውተሮች ጋር ይያያዛል፣ እኔም ሙራድም እኩል እንከፍተዋለን። ዲስክ ይዞ መሯሯጥ የለም። አባዬ ኔትወርክ መቼ ኖሮ ያውቃል አለ። ነስሩ ደግሞ ይሄ የቤት ውስጥ ነው፣ ኢንተርኔት ቢጠፋም ይሠራል አለው። ኢንተርኔት ላይ ማስቀመጡን ራሱ አንሥቶ ራሱ ጣለው፤ በዚህ መስመር አንድ ሠርግ ተጭኖ እስኪያልቅ ሙሽሮቹ ይወልዳሉ።

ነሐሴ 19፣ አ/አ

ከነስሩ ጋር ዕቃ ፍለጋ። ሻጩ ቁም ሣጥን የሚያህል አሳየን፤ ለባንክ የምንሸጠው ይሄን ነው እያለ። ልቤ ሄደ፣ አልዋሽሽም። ነስሩ ወደ ውጭ ጎተተኝና ጠየቀኝ፦ በዓመት ስንት ዲስክ ትሞያለሽ? ስንት ሰው ነው የሚከፍተው? ሲበላሽ ማን ይጠግንልሻል? መልሴን ስሰማው እኔው አፈርኩ። እኔና ሙራድ። ጠጋኝም ነስሩ።

የአራት ዲስክ ቦታ ያለው ትንሽ ሣጥን መረጥን። ለጊዜው ሁለት ዲስክ ይበቃል፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት ይጽፋሉ፣ አንዱ ቢሞት ሌላው ይዞ ይቆያል። ዲስኮቹም ቀን ከሌት እንዲሠሩ የተሠሩ እንጂ የተራ ኮምፒውተር እንዳይሆኑ አጥብቆ ጠየቀ። መብራት ሲቋረጥ ሣጥኑ በወግ እንዲዘጋ የሚያቆየው ባትሪም ተጨመረ።

አሁን ዳንኩ ስል ነስሩ አቀዘቀዘኝ። በስህተት ካጠፋሽ ከሁለቱም ይጠፋል፣ ሌባ ከወሰደው ሁለቱንም ይወስዳል። ስለዚህ ሌላ ግልባጭ ከቤት ውጭ ይደር። ሲመጣ ሲሄድ ወደ ጉብሬ ሊያመላልስልኝ ቃል ገባ።

ነሐሴ 23

ሣጥኑን የት እናስቀምጥ? አቧራ የሌለበት፣ ሰው የማይረግጠው፣ የሚቆለፍ። ያለን ጨለማ ክፍሉ ብቻ ነው። ዲጂታል ከገባ ወዲህ ዕቃ ማጎሪያ ሆኗል። ነስሩ ሣጥኑ ይሞቃል፣ አየር ይፈልጋል አለ። መስኮቱ ይከፈት ማለት ነው።

መስኮቱ ላይ አባዬ ከመወለዴ በፊት የመታው ጥቁር ጨርቅ አለ። ማን ያውልቀው? ተያየን። አባዬ ራሱ ገባ፣ ሚስማሩን በጉጠት እየነቀለ አወረደው። ብርሃን ገባ። ያን ክፍል በቀን ብርሃን አይቼው አላውቅም፤ ግድግዳው ለካ ሰማያዊ ኖሯል! አባዬ ጨርቁን አጣጥፎ ብብቱ ሥር ያዘና መሐል ላይ ቆመ። ጉጠቱን ከእጁ ተቀበልኩት።

ኋላ ከመደርደሪያው ሥር የብስኩት ቆርቆሮዎቹን አወጣ። ኔጋቲቮች። በደርግ ጊዜም፣ ከዚያ ወዲህም ያነሣው ሁሉ። «እነዚህስ ይገባሉ?» አለ፤ ሆቴል ሄዶ አልጋ እንደሚጠይቅ እንግዳ፣ በትሕትና።

ይገባሉ አባዬ።

ነሐሴ 28

ነስሩ ፊልም የሚያነብ ስካነር ተውሶልኝ ሄደ። አባዬ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ እያንዳንዱን ወደ ብርሃን ያነሣል። ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር በሆነበት እሱ ሰው ያያል። ይሄ የጉንችሬው ቆዳ ነጋዴ። ይቺ አስተማሪሽ፣ ሳታገባ። ይሄ የዐረፋ ዕለት፣ በሬው አምልጦ ገበያውን የበተነ ጊዜ።

ከዚያ አንዱ ላይ ቆየ። «ወልዴ አይደለም እንዴ? የቡኢው?»

ስካነሩ ላይ ጣልኩት። ወጣት ልጅ፣ ለመስቀል ከአ/አ የገባ፣ ሬዲዮ ትከሻው ላይ፣ ሱሪው ከታች ሰፊ። ሊሸሽ ዞር እያለ ነው የተነሣው። አገጩን ሳይ አወቅኩት።

ነሐሴ 30

እትዬ ብርቄ መጡ። ያደገውን ፎቶ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩላቸው። የተመኙት ይህን እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ያንን መመለስ አልችልም። ጎንበስ ብለው አዩ። ጣታቸውን ሬዲዮው ላይ አሳረፉ።

«ያኛው የልጆቼ አባት ነበር» አሉ። «ያገባሁት ይሄን ነው።»

ሳቁ፤ መሐል ላይ ሳቁ ለቅሶ ሆነ። አባዬ ወጥቶ ደጅ ቆመ።

መስከረም 4

የአ/አ ሰው መግባት ጀምሯል። የከተማችን ፒያሳ ለመስቀል ቅቤና ክትፎ ቢላ ነው ወሬው። የዓመቱ ትልቁ ሥራ ከፊታችን።

ሣጥኑ እንከን የለውም። ሙራድ እዚያ ሆኖ ያቀናብራል፣ እኔ እዚህ ሆኜ አትማለሁ። ትናንት መብራት ሄደ፤ ባትሪው ያዘ፣ በወግ ተዘጋ፣ ተነሣ። ግልባጩም ጉብሬ ገብቷል።

ግን ዛሬ አንድ ሽማግሌ «የእናቴን ፎቶ ፈልጊልኝ» አሉኝ። ፈለግኩ። ቁጥር፣ ቁጥር፣ ቁጥር። የከተማው ፊት ሁሉ አለኝ፣ የማንም ስም የለኝም። ስም ያለው አባዬ ጋ ብቻ ነው። የግራ ዓይኑን ሞራ እየጋረደው ነው፤ ማታ የሦስት ሰዎች ፎቶ አሳይቼው የሁለቱን ስም ረሳ። ለሱ ግልባጭ የለኝም።

ስለዚህ ወስኛለሁ። ከነገ ጀምሮ ፎ/ቤቱ እስከ ቀትር ዝግ ነው፣ መስቀል ይሁን፣ ዐረፋ ይሁን። ሙራድ አብደሻል አለኝ። ይበል። ጧት ጧት አባዬ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ፤ ስሙን፣ አገሩን፣ የማን ልጅ እንደሆነ፣ አባዬ ያን ቀን ምን ብሎ እንዳሳቀው።

እየጠራኝ ነው። ነገን መጠበቅ አልቻለም መሰለኝ፤ አንዱን አስታውሼዋለሁ፣ ሳልረሳው ቶሎ ነይ ይላል