የተገለበጠ ኮት

እሑድ፣ ግንቦት 11 ቀን 1960 ዓ.ም.፣ አሥመራ

ከሦስት ግጥሚያ ሁለቱን ያሸነፈ የቅርጫት ኳሱን ዋንጫ ይወስዳል። የታናሽ ወንድሜ የተስፋይ የጎዳይፍ ሰፈር ቡድን የመጀመሪያውን ሲሸነፍ፣ ይሄ አዋቂ ነኝ ባይ አፌ ሻሂ ቤት ውስጥ «አበቃላቸው» አለ። ተስፋይ ሰምቶ አኩርፎኝ ሰነበተ።

ዛሬ ዋንጫውን ወሰዱ!

በሻሂ ቤታችን ደንብ፣ ግምቱ የከሸፈበት ሰው ኮቱን ገልብጦ ለብሶ በማታው ሽርሽር ዋናውን መንገድ ይዞራል። እኔም ገበሩን ወደ ውጭ አድርጌ ወጣሁ። ያየኝ ሁሉ ሳቀብኝ። ሲኒማ ቤቱ በር ላይ ስደርስ አንድ ሰው ክንዴን ያዘኝ፤ ተስፋይ ነው።

«ሐወይ፣ ወንድሜ፣ ብቻህን አትዞርም» አለና የራሱን ኮት አውልቆ ገልብጦ ለበሰ።

የሱ ገበር ከኔም የባሰ የተጣፈ ነበር። ግድ አልሰጠውም። ተመስገን፤ እንኳንም ተሳሳትኩ።