ለአንድ እፍኝ አፈር የመጣው ኤክስካቫተር

ለተከበሩ የአፈርና የከርሰ ምድር ውሃ ጥናት ፕሮጀክት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤
ባሉበት።

ክቡርነትዎ፣ ጤናዎ እንደ ቢሮዎ ሕንፃ የጸና፣ እንቅልፍዎም የማሽን ድምፅ የማይደርስበት እንዲሆን ከልብ እየተመኘሁ፣ እኔ ከቀጨኔ መድኃኔዓለም ዝቅ ብሎ ባለው ቁልቁለት የምኖረው ሸክላ ሠሪ ምስጋናዬን ላቀርብልዎ ተነሥቻለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደምባል አውቃለሁ። ይህ ግን ጩኸት አይደለም፤ እናቴን ከቀበርኩ ወዲህ ደንዝዣለሁ፣ ለመጮህ የሚሆን ነገር ውስጤ የለም።

ነገሩን ላስታውስዎ። ከግቢያችን በላይ ያለው የተዘጋ ጋራዥ ለዓመታት ያፈሰሰው የተቃጠለ ዘይት ወደ ውሃችን ሰርጎ እንደሆነ ለማጣራት ባለሙያዎችዎ እንደሚመጡ ሲነገረን፣ የሚያስብልን ሰው ተገኘ ብለን ደስ ብሎን ነበር። የሚወሰደውም ከየግቢው አንድ እፍኝ አፈር ብቻ ነው ተብለን ነበር።

አንደኛ፣ ለአንድ እፍኝ አፈር ኤክስካቫተር ስለላኩልን አመሰግናለሁ። እንዲህ ያለ ክብር አይተን አናውቅም። በሩ ስለጠበበው የድንጋይ አጥራችንን ንዶ ገባ፣ ጌሾዋን ከነሥሯ ነቀለ፣ ለመዞር ሲልም ግቢውን አረሰው። በእጅ የሚዞር መቆፈሪያ መኪናችሁ ላይ ተጋድሞ አይቻለሁ፤ እንዳይደክመው አስባችሁለት ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ለናሙና የቆፈራችሁትን ጉድጓድ ሳትከድኑ ስለሄዳችሁ። ክረምቱ ገባና የመንገዱ ጎርፍ ከነቆሻሻው እየተንደረደረ፣ ልትጠብቁት ወደ መጣችሁት ውሃ ይወርድበት ጀመር። ጎረቤታችን ጋሽ ደቻሳ አላስችል ብሏቸው የአሮጌ በርሜል ክዳን ጣል አድርገውበታል። ለጊዜው ጽሕፈት ቤትዎን የሚወክለው ያ ክዳን ነው።

ሦስተኛው ስለ እናቴ ጭቃ ነው፤ ይህኛው ትንሽ ይረዝማል፣ ይታገሡኝ።

በእኛ ሙያ ሸክላ አፈር ተቆፍሮ እንደመጣ አይሠራበትም። ተረግጦ፣ ተቦክቶ፣ ጉድጓድ ውስጥ በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ይከርማል፤ ሲከርም ይጠቁራል፣ ይሸታልም፣ መድረሱ የሚታወቀው በዚያ ነው። በእኛ ቤት ደግሞ ጉድጓዱ አይራቆትም፤ ከአሮጌው ጭቃ ጥቂት ይቀርና እንደ እርሾ ከአዲሱ ጋር ይለወሳል። እናቴ ወይዘሮ ሙሉ እርሾውን የተቀበለችው ከእናቷ ነው። ከመታመሟ በፊት በገዛ እግሯ የረገጠችው የመጨረሻ ጭቃ እዚያው ነበር። ከሞተች ወዲህ እጄ እምቢ ብሎኝ አልነካሁትም፤ ለሙት ዓመቷ ከእሱ ድስት ሠርቼ ሥራዬን እጀምራለሁ እያልኩ ጆንያውን ብቻ ውሃ አጠጣ ነበር።

የመስክ ኃላፊዎ አቶ ኢስሐቅ ጆንያውን ገልጠው አሸተቱና አፍንጫቸውን ያዙ። የሸክላ ጭቃ መሆኑን፣ የሟች እናቴም መሆኑን ነገርኳቸው። እሳቸውም በጨዋ ደንብ፣ "እህቴ፣ ይሄ የተበከለ አፈር ነው፤ ለጤናሽ ስንል ነው" አሉኝ። አንድ እፍኝ በላስቲክ ከረጢት አስረው ለላቦራቶሪ አስቀመጡ፤ የቀረውን ውጤቱን እንኳ ሳይጠብቁ በኤክስካቫተር አስዝቀው ገልባጭ መኪና ላይ አስጫኑት። አላለቀስኩም። መኪናው ወደ አዲሱ ገበያ ሲወጣ ቆሜ አየሁ፣ ከዚያ ገብቼ ተኛሁ።

ክቡርነትዎ፣ ድሮ ሰው እኛን ሸክላ ሠሪዎችን ዓይናቸው ይበላል እያለ ይሸሸን ነበር፤ በዚያ ክፉ ዘመን እንኳ ጭቃችንን የሚደፍር አልነበረም። ጽሕፈት ቤትዎ ከእንዲህ ያለ ኋላ ቀር እምነት የጸዳ መሆኑን በዓይኔ አይቻለሁ፣ ምስጋና ይገባዋል።

ውጤቱም ሰሞኑን ተነገረን። አፈራችን ንጹሕ ነው፤ የእናቴም ጭቃ ንጹሕ ነው። የት እንደተደፋ ብጠይቅ ግን የሚያውቅ ጠፋ። "ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ" ይባላል። እኔ ደግሞ የምጥደውም ድስት የለኝ።

እንግዲህ አጥር ስለሌለን በፈለጉት ሰዓት በር ማንኳኳት ሳያስፈልግዎ መግባት እንደሚችሉ በትሕትና እያረጋገጥኩ፣ ከጉድጓዱ ወዲህ ማዶ ሆኜ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

አክባሪዎ
ዓለምነሽ ጌጡ
ጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ ቀጨኔ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለላቦራቶሪ ከተያዘው እፍኝ የተረፈ ካለ፣ ጥቂትም ብትሆን፣ ሙት ዓመቷ ሳይደርስ ይመለስልኝ። ለእርሾ ትበቃኛለች። ኤክስካቫተር አይላኩ፤ አንድ ሰው በፌስታል አንጠልጥሎ ያመጣታል።