ብራና በዛብህ

ማክሰኞ
በዱላዬ ሁለት ጊዜ ብመታው ለቀቀ። ከፎቅ የምትኖረው የሜሮን ውሻ ነው፤ ድመቴን ብራናን ከደጃፌ ላይ የኋላ እግሩን ነክሶ ይወዘውዘው ነበር። በሰማንያ ዓመቴ ውሻ ማባረር አልረሳሁም።

ሜሮን በካልሲ ብቻ ሮጣ ወረደች። «ጋሼ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ! በሩን ክፍት ትቼው ነው!» እዚሁ ለንደን የተወለደች ናት። አማርኛ የለመደችው እናቷ ስታናግራት በመስማት ስለሆነ፣ ወንዱንም በሴት ትጠራለች። ሌላ ቀን ቢሆን አርማት ነበር። እንባዋን ሳይ ሰዋስዉን ተውሁት። በመኪናዋ ካምደን ወዳለው የእንስሳት ሐኪም ቤት ወሰደችን።

ረቡዕ
ትናንት በድንጋጤ ሳልጽፈው የቀረ ነገር አለ። እንግዳ ተቀባይዋ «ሰርኔም?» አለችኝ፤ የቤተሰብ ስም ማለቷ ነው። «በዛብህ» አልኋት። ጥቂት ቆይቶ «ብራና በዛብህ!» ተብሎ ተጠራ። በዚህ አገር እንስሳ በባለቤቱ የቤተሰብ ስም ይመዘገባል። በዛብህ ግን አባቴ ናቸው። እንግዲህ በመዝገቡ መሠረት ብራና የአባቴ ልጅ፣ የእኔም ታናሽ ወንድም ሆነ ማለት ነው።

ለሜሮን ባስረዳት፣ እያለቀሰች ሳቀች። «ታዲያ ጋሼ፣ ውርስ ይጋራሻል!»

ዛሬ ሐኪሟ ደወለች። አጥንቱ ደቋል። እግሩ ካልተቆረጠ ቁስሉ ይመረቅዛል፤ ከተቆረጠም በዕድሜው ማደንዘዣውን ላይችለው ይችላል። እስከ ነገ እንድወስን ተነገረኝ።

ሐሙስ
አባቴ የቅኔ መምህር ነበሩ። አይጥ መጻሕፍታቸውን እንዳይበላባቸው ድመት ያኖሩ ነበር። ያ ድመት በወጥመድ አንድ እግሩን ያጣ ጊዜ፣ ጎረቤት «ከእንግዲህ ምን ይሠራልዎታል? ይጣል» ቢላቸው፣ «አይጥ እግር አይቆጥርም» አሉት።

ሄጄ እግሩ እንዲቆረጥ ፈረምሁ። በቅጹ ላይ ባለቤቱም በዛብህ፣ ታካሚውም በዛብህ።

ሜሮን ለውሻዋ የአፍ ልጓም ገዝታ አሳየችኝ። «ከእንግዲህ ያለዚህ አይወጣም» አለች። አመንኋት።

ዓርብ
ነቅቷል! ዳሩ ግን እህል አልቀመሰም፤ ድምፁም አልተሰማም። ሐኪሟ ካልበላ ያሳስበኛል ብላለች።

ሜሮን ልታጽናናኝ፣ «ዓርብ እኮ ነው ጋሼ፤ ጾሞ ይሆናል» አለችኝ።

ቅዳሜ
ቤቱ ቢገባ ይበላ ይሆናል ስላሉን ልናመጣው ሄድን። «በዛብህ!» ተብሎ ሲጠራ «አቤት» ብዬ ተነሣሁ። በዚያው ቅጽበት ከውስጥ ብራና ጮኸ፤ ከአራት ቀን በኋላ የመጀመሪያው ድምፁ። የተጠራው ማናችን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ቤት ስንደርስ በሦስት እግሩ ሁለት ጊዜ ወድቆ፣ ሁለት ጊዜ ተነሥቶ፣ ከመጻሕፍቱ መደርደሪያ ሥር ተኛ። ያቀረብሁለትን ዓሣ አሽትቶ ፊቱን አዞረ። ሜሮን ተጨነቀች። እኔ አልተጨነቅሁም። ነገ ይበላል። እኛ የበዛብህ ልጆች ስንቆጣ አንበላም።