ግማሿ ኪኒን

ውዴ ተሾመ፣

ከተለየኸን ወዲህ የደቻቱ ወንዝ ሁለቴ ሞልቶ ሁለቴ ደርቋል። ዘንድሮ ጎርፉ በመጣ ማግስት ወደ መጋላ ሰፈር ስሻገር፣ እንደ ልማድህ ድልድዩን ተደግፈህ ውሃውን የምታይ መስሎኝ ከባጃጁ አንገቴን አውጥቼ ፈለግኩህ። ባለባጃጁ ሰው የጠፋኝ መስሎት ቀስ አለልኝ። ንዳው አልኩት።

ቤቱ ደህና ነው። ቬንትሌተሩ ዛሬም እያንቋረረ ይዞራል፤ "ነገ አሠራዋለሁ" ያልከው ነገ እስካሁን አልመጣም። ማህሌት ትምህርቷን ጨርሳ ዱቄት ፋብሪካው ቢሮ ሥራ ይዛለች። ያንተን ፊት ይዛ የእኔን አፍ ስለወሰደች፣ ስትቆጣኝ ማን እየተቆጣኝ እንደሆነ ግራ ይገባኛል። ሰማያዊውን ሽርጥህን ግን ቀድጄዋለሁ፣ አትቀየመኝ። ቁራጩን በመድኃኒቴ ብልቃጥ ውስጥ ጠቅጥቄዋለሁ፤ ከጤና ጣቢያ ስመለስ ኪኒኑ ቦርሳዬ ውስጥ እንዳይንኳኳ። ያንን ድምፅ በዚህ ከተማ የማያውቀው የለም። አንተ ጥጥ ነበር የምታደርገው፤ እኔ ደግሞ ያንተ ጨርቅ ይሻለኛል አልኩ።

አሁን የምነግርህን ለማን እንደምነግረው አጥቼ ነው ብዕር ያነሳሁት። ተሼ፣ መድኃኒቱ እኔንም እምቢ አለኝ።

መጀመሪያ ደሜን አይተው የኤች አይ ቪ ቫይረሱ መጠን ከፍ ብሏል አሉኝ። አማካሪዋ በየወሩ እያስቀመጠች "እማማ፣ የሚዘሉት ቀን አለ?" ትለኛለች። እኔ እንዴት እዘላለሁ? ማህሌት ውሃውን ይዛ እፊቴ ቆማ፣ አፌን ከፍቼ ካላሳየኋት መች ትለቀኛለች! እንደገና ለኩ፤ ያው ነው። መድኃኒቱን ቀየሩልኝ፤ እሱም አላወረደውም። አሁን ቫይረሱ የትኛውን መድኃኒት እንደተላመደ እንዲታይ ደሜ አዲስ አበባ ሄዷል። ውጤቱን በሄድኩ ቁጥር እጠይቃለሁ፣ አልመጣም ይሉኛል። ከዚህ ቀጥሎ ያለው መድኃኒት ደግሞ እዚህ እንደ ልብ አይገኝም አሉኝ። አንተን የወሰደህን መንገድ አንድ በአንድ አውቀዋለሁ፤ ያው መንገድ ነው።

አንተ እኮ የኤአርቲ ክፍሉ ምስጉን ነበርክ። ነርሷ የተረፈውን ኪኒን ጠረጴዛው ላይ ዘርግፋ ትቆጥርና "ጎበዝ አቶ ተሾመ!" ትልህ ነበር። እኔም እኮራብህ ነበር። ከቁጥሩ አንድም ሳይጎድል ደምህ ለምን እንደከዳህ ሐኪሞቹም አልገባቸውም። አልጋ ላይ ከዋልክ በኋላ ነው ፊትህን ወደ ግድግዳው አዙረህ የነገርከኝ። አብዲ ነበር። አብዲ፣ በጅቡቲ መንገድ አብሮህ የሚነዳው፣ ወንድሜ የምትለው የመጋላው ልጅ።

እናንተ ሾፌሮች መንገድ ላይ የያዛችሁትን ለብቻ መቅመስ ነውር ነው። ውሃው የጋራ፣ ጫቱ የጋራ፣ ፍራሹ የጋራ። አብዲም እንደ እኛ ቫይረሱ እንዳለበት ሲያውቅ ጤና ጣቢያ አልሄድም አለ፤ የሚስቱ እህት ካርድ ክፍል ትሠራ ነበርና። አንተም እስኪደፍር ድረስ ብለህ፣ ሐብሐብ በምትቆርጡበት ቢላ የዕለት ኪኒንህን ለሁለት ትከፍልለት ጀመር። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይባል የለ? አንተ ተካፍለህም ብቻህን ሞትክ። እሱ እስኪደፍር ከአንድ ዓመት በላይ ፈጀ፤ ያን ሁሉ ጊዜ ነርሷ ስትቆጥር ቁጥሩ ልክ ነው።

ሐኪሙ ሲያስረዳኝ፣ መድኃኒቱ ሲያንስ ቫይረሱ አይሞትም፣ ይላመዳል አለኝ። እንደ ሰፈር ውሻ ነው፤ በጠጠር ደጋግመው ያስፈራሩት ውሻ በኋላ ድንጋይ ቢያነሱበትም አይሸሽም። የተላመደው ካንተ ወደ እኔ ተሻግሮ ይሆናል አለ፤ ላይሆንም ይችላል አለ። እሱም አያውቅም። እኔ ግን ይህን ከሰማሁ ወዲህ ብዙ ቀን ተናድጄብሃለሁ፣ አልዋሽህም። ፎቶህን ገልብጬ ያስቀመጥኩበት ሳምንት ነበር። ማህሌት መልሳ አቆመችው።

አብዲ ግን ሆድ አውጥቷል! ኋላ ሐረር ሄዶ ተመዘገበ፣ በአዲሱ መድኃኒት ጀመረ፣ ያዘለት። አሁን ደሙ ውስጥ ቫይረሱ አይታይም ይሉታል። ላንተም ያንኑ ቀይረውልህ ነበር፤ አልደረሰልህም። ሰጪው ሄዶ ተቀባዩ ቀረ። ማንን ልክሰስ?

ባለፈው ሰሞን፣ ከተማው ሁሉ ሙቀቱን ሸሽቶ በሩን በዘጋበት ሰዓት መጣ። የእኔን ነገር ከማህሌት ሰምቷል። ሳይቀመጥ ከደረት ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ፈታው። ኪኒኖች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ለሁለት የተከፈሉ። "አቦ እህቴ፣ በእሱ ግማሽ አይደል እንዴ የቆየሁት? አሁን ተራው የኔ ነው፤ ወላሂ እንቢ እንዳትይኝ" አለኝ።

ተሼ፣ ስንት ቀን ያጠራቀምኩት ቁጣ ነበረኝ። እነዚያን ግማሾች ሳይ ሁሉም ጠፋኝ። ያ መድኃኒት ለእኔም ተቀይሮልኝ እንዳልሠራ፣ ግማሹን ብቻ መዋጥ ግን እሱን እንደሚገድለው ነገርኩት። አልገባውም፤ ወይም ገብቶት መቀበል አቃተው። ኩፍያውን አውልቆ ፊቱን ሸፈነበትና እንደ ሕፃን አለቀሰ። ያን ትልቅ ሰው ሲያለቅስ አይቼ እኔም አለቀስኩ። ለራሴ የማደርገው አጥቻለሁ፤ ማህሌትን በምን እንደማጽናናት አላውቅም። እጄን አጣጥፌ የአዲስ አበባ ወረቀት እጠብቃለሁ።

አንድ ነገር ግን አደረግኩ። ውሃ ቀድቼ አመጣሁና የዚያን ዕለቷን ኪኒን ሁለቱንም ግማሽ መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት። እፊቴ ዋጣት። የቀሩትንም በወረቀታቸው መለስኩለትና፣ ሁለት ሁለት ግማሽ አድርጎ ራሱ እንዲጨርሳቸው በአላህ አስማልኩት። ከዚያ ወዲህ ድሬም ይሁን ድንበሩ ላይ ደወሌ፣ ማታ ማታ ይደውልልኛል። "ሙሉዋን ነው?" እለዋለሁ። "ሙሉዋን" ይለኛል።

አፈሩ ይቅለልህ፣ የኔ ጌታ። ደግነትህ ነው የጎዳን፤ እኔ ግን ደግ ያልሆነውን ተሾመን አላውቀውም፣ ላስታውስ ብልም የማስታውሰው ያንኑ ነው። ፎቶህ ከእንግዲህ አይገለበጥም። አብዲንም እስከምችል ድረስ በየማታው እጠይቀዋለሁ። እኔ ሳልችል ስቀር ማህሌት ትጠይቀዋለች፤ ነግሬያታለሁ።

አልማዝህ