የታመመ ሰው ቦታ

ኅዳር 3፣ ከሰዓት

ሩዙ ግማሹ ታጭዷል። ወገቤ እምቢ ስላለኝ ተቀመጥሁ። ደብተሬ፣ ለንስሐ አባቴ ያልነገርሁትን ላንተ ልጻፍ።

ሰባት ዓመት ሆነው። አያ ደሴ ታመው ጣራ ገዳም ጸበል ሲገቡ በእኔ በኩል ቃል ላኩ። ለማኅበሩ ንገር፣ ስድን እመለሳለሁ፣ ቦታዬን ጠብቁልኝ ብለው። የቅ/ሚካኤል ማኅበራችን ጸሐፊ እኔ ነኝ። ሦስት ወር ያለ ቃል የቀረ ይሰረዛል። በሦስተኛው ወር ሙሴው፣ የማኅበሩ አለቃ፣ የደሴን ወሬ የሰማ አለ ወይ ብለው ጠየቁ። መዝገቡን እያየሁ ዝም አልሁ። ሰረዝኋቸው። በቦታቸው የባለቤቴ ወንድም ይርጋ ገባ። እሷ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ያን ቀን ደስ ብሏት እጄን ሳመችኝ።

አያ ደሴ ድነው ተመለሱ። ቃላቸው ደርሶን የናቅናቸው መስሏቸዋል። አንድም ቀን አልጠየቁም። ዛሬም ሰላም ይሉኛል። እሱ ነው የሚብሰው።

ኅዳር 5፣ 10 ሰዓት

ተከራዬ መ/ር ሰሎሞን፣ ያዲስ አበባው የስፖርት አስተማሪ፣ በስልኩ ጉድ አሳየኝ። ሰዎች በበረዶ ላይ የገና ጨዋታ ይጫወታሉ። ቆልማማው ዱላ የኛው ነው። በሩሯ፣ በኳሷ ፈንታ ጥቁር ጠፍጣፋ ጎማ። ጫማቸው ስር ስለት። ሆኪ ነው የሚሉት። እኛ ዘንድ በረዶ የሩዙን ዛላ አርግፎ ወዲያው ይቀልጣል። የክረምቱ ውሃ ፎገራን እንደሸፈነ ድንጋይ ቢሆንስ? በስለት ጫማ እስከ ጣና። ብቻዬን ሳቅሁ።

የኛ ገና መንደር ከመንደር ነው፣ የመጣ ሁሉ ይገባል። እነዚህ ግን በስም ዝርዝር ናቸው። ሃያ ሦስት ሰው። ለዕለቱ ሃያ ይለብሳል። በረዶው ላይ ስድስት ስድስት። ሞልቶ ሳለ አንድ ለመጨመር አንድ መውጣት አለበት። ልክ እንደኛ ማኅበር፦ አሥራ ሁለት ወር፣ አሥራ ሁለት ደጋሽ።

ኅዳር 8፣ ጧት

እግሩ የተሰበረስ ብዬ ጠየቅሁት። ለሱ ሌላ መዝገብ አለ አለኝ። የተጎዳ ስሙ ወደዚያ ይሻገራል። ከሃያ ሦስቱ አይቆጠርም፣ አይሰረዝም። ሌላው ቦታውን ይሸፍናል። ሲድን ይመለሳል።

ማን ነው የሚያሻግረው አልሁ። ቡድኑ፣ ሐኪሙ ሲናገር። ሐኪሙ እያወቀ ዝም ቢልስ?

«አባባ፣ ቡድን ሊገዙ ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ለጨዋታ እንኳ ለታመመ ቦታ ያበጃሉ። እኛ በመልአኩ ስም ተሰብስበን... አይ፣ እኛ አይደለንም። እኔ ነኝ። ማኅበሩማ ጠይቆ ነበር።

ኅዳር 10፣ ከገበያ መልስ

አያ ደሴን እህል ተራ አገኘኋቸው። ዘንድሮ ሩዝህ እንዴት ነው አሉኝ። ልነግራቸው አፌን ከፈትሁ። ጉንፋን ይዞኛል ብዬ አለፍሁ። ፈሪ።

ቢመለሱስ ማን ይወጣል? ይርጋ ምንም አያውቅም። ጌታ ሆይ፣ መልሱን እያወቅሁ ነው የምጠይቅህ።

ኅዳር 12፣ ሊመሽ ሲል

በማኅበሩ ጽዋው እንደተነሳ ቆሜ የሠራሁትን ተናገርሁ። ይርጋ ቀድሞ እኔ ልውጣ አለ። አንተ ሳታውቅ ገባህ፣ ተቀመጥ አልሁት። አንዱ ቀልደኛ «ጳጉሜ ደጋሽ የላትም፣ ደሴን አሥራ ሦስተኛ አርጉት» አለ። ሙሴው «ጳጉሜ መቼ አሥራ ሁለት ቀን ደርሳ ነው ሚካኤል የሚውልባት?» አሉ። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ እንባዬ እየመጣ።

መዝገቡን ከፍቼ የራሴን ስም ሰረዝሁ። በቦታው ደሴ ብዬ ጻፍሁ። ከእንግዲህ አንተ ጻፍ ብዬ እስክርቢቶውን ለይርጋ ሰጠሁት።

ከጽዋው ዳቦ ቁራሽ ይዤ በእግሬ ሄድሁ። አያ ደሴ በረት እየጠረጉ ነበር። ግባ ቢሉኝም አልገባሁም። ደጁ ላይ ቆሜ «አያ፣ ያን ጊዜ የላኩኝን ቃል ዛሬ አደረስሁ» አልኋቸው።