የላክሽውን ገንዘብ መልሼልሻለሁ
ኮኔማራ፣ አየርላንድ

ልጄ ኑዋላ፣ እመቤታችን ከዚህ ክፉ በሽታ ትሰውርሽ።

ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ላሟን አልባለሁ፣ ጀልባዬንም ብቻዬን ወደ ባሕር እገፋለሁ። ታዲያ ደከመ ብሎ ማን ነገረሽ? ግላስጎው ውስጥ የምትሠሪበት ካፌ በወረርሽኙ ተዘግቶ ሥራሽን ስታጪ፣ ዩኒቨርሲቲው ለኪራይና ለምግብ የሰጠሽን ድጎማ ቆርሰሽ ለእኔ መላክ ምን የሚሉት እብደት ነው? ይኸው መልሼልሻለሁ።

ድጎማው ምጽዋት መስሎ ከከበደሽ ስሚኝ። ዘንድሮ ለብርዱ ወራት የማነደውን፣ ሲደርቅ እንደ እንጨት የሚነደውን አፈር ከረግረጉ ቆርጠው የከመሩልኝ ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ እንደ ወትሮው በተራ። ከእነሱ አንዱ ለሆነው ለኮልም ገንዘብ ባወጣ፣ «ኪስህ ክተት፣ አንተ ግትር ሽማግሌ! ነገ የእኔን ትቆርጥ የለም እንዴ?» ብሎ አምባረቀብኝ። አንቺም በገንዘቡ ምግብሽን ግዢበት፤ ትምህርትሽን ጨርሰሽ አዋላጅ ስትሆኚ ለሌላው ትደርሻለሽ። የትምህርት ክፍያ ጊዜ የሚያራዝም ቢሮም አለ ብለሽኝ ነበር፤ ምን ይጎልትሻል? ዛሬውኑ ሄደሽ ጠይቂ እንጂ!

እግዜር በጤና ያገናኘን። ከሱቁ በዱቤ የወሰድኩት ዱቄት፣ የጣራው ቆርቆሮ፣ የእናትሽ የመቃብር ድንጋይ የእኔ ዕዳ ናቸው፤ እኔው እከፍላለሁ። ድንጋዩ ላይ የሚቀረጸውን ቃል ግን እባክሽ አንቺ ጻፊልኝ፤ የእኔ ፊደል እሷን አይመጥንም።

አባትሽ ማርቲን